ጣቢያ የማይገባው ባቡር

ባለፈው ሳምንት የጥርስ ሐኪም ቤት ተራዬን ስጠብቅ፣ አጠገቤ ከተቀመጠ ሰውዬ ስልክ ውስጥ የባቡር ጡሩምባ ጮኸና ደነገጥኩ። ሰውዬው ይቅርታ ብሎ ድምፁን ቀነሰው፣ እኔን ግን ያ ጡሩምባ በልጅነቴ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ ወደነበረችው ባለ አንድ መኝታ ቤታችን ይዞኝ ሄዶ ነበር፤ አባቴ ጀርባውን ሰጥቶን ኮምፒዩተር ላይ ባቡር ወደሚነዳባት፣ እናቴ ከወጥ ቤት በዓይኗ ወደምትከታተልባት፣ እኔ ደግሞ ባቡሩንም አባቴንም ወደምጠረጥርባት ቤት።

ኮምፒዩተሩ የመጣው በጥር፣ ሎስ አንጀለስ ዝናብ በምታይበት ወር ነበር። አባቴ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳ ነበርና፣ የሥራ ባልደረባው አሮጌ ኮምፒዩተሩን ሲሰጠው የባቡር መንዳት ጌም ተጭኖበት ነበር። አባቴ «ድሬዳዋ እያለሁ ባቡር ነጂ ነበርኩ» ይለን ስለነበር ጌሙን እንደ ዘመድ ተቀበለው። የከተማው ባቡር ድርጅት ነጂዎችን አሠልጥኖ እንደሚቀጥር ሰምቶ፣ ቫኑን ትቶ እዚያ ሊገባ አስቦ፣ በየጠዋቱ ከሥራ በፊት «ልምምድ ነው» እያለ ይቀመጥ ነበር።

ጌሙ ደስ ይል ነበር፤ ይኼን አልክድም። ዝናቡ የባቡሩ መስተዋት ላይ ሲወርድ መጥረጊያው እየጠረገው፣ ሐዲዱ ራሱ እየመራ፣ ከኋላ «በዚህ ግባ፣ በዚያ ውጣ» የሚል ሰው ሳይኖር፣ የአባቴ ትከሻ ቀስ እያለ ሲወርድ አየው ነበር። ቫኑን ሲነዳ ትከሻው ሁልጊዜ ጆሮው ሥር ነበር። ግን ባቡሩ አንድ ቀን እንኳ ጣቢያ ገብቶ አያውቅም። የመሳፈሪያው ጫፍ አጠገቡ እንደደረሰ አባቴ ፍሬን ይይዝና ይቆማል፣ ፉርጎዎቹ በሙሉ ከጣቢያው ውጭ ይቀራሉ፣ በሩ እምቢ ይላል፣ ነጥብ ይቀነሳል። በማግስቱም ያንኑ ይደግማል።

ጸደይ ሲገባ የእናቴ ትዕግሥት አለቀ። ቶራንስ በምትባል ጎረቤት ከተማ ሽማግሌዎችን ስትንከባከብ ትውል ስለነበር፣ መድኃኒቱን ሳይውጥ ዋጥኩ የሚለውን ሰው ከፊቱ እለየዋለሁ ባይ ነበረች።

«ሶ፣ መቼ ነው አፕላይ የምታደርገው?» ትለው ነበር።

«ልምምዱን ስጨርስ።»

«ነጂ የነበረ ሰው ይኼን ሁሉ ምን ያለማምደዋል?»

አባቴ ጥፋቱን ሁሉ በጌሙ ያላክክ ነበር፤ ወንበሩ አይንቀጠቀጥ፣ የጋለ ፍሬን አይሸት፣ የተጫነው ክብደት ወገብ ላይ አይሰማ፣ ታዲያ በምን አውቄ ላቁመው ይል ነበር። አንድ ጠዋት ጠርቶኝ ተሳፋሪዎቹን አሳየኝ። አራት ዓይነት ፊት ብቻ ነበር ያላቸው።

«እስቲ እያቸው፤ አንዱ እንኳ ዕቃ አልያዘም። ማዳበሪያ የለ፣ ፌስታል የለ፣ ፈታሽ የለ። ባዶ እጁን ባቡር የሚሳፈር ሰው አይቼ አላውቅም። ይኼ ባቡር የሆነ ነገር አለው» አለኝ።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ባቡሩንም እሱንም መጠርጠር ያዝኩ።

ሰኔ ላይ ትምህርት ተዘጋ፤ ጠዋት ጠዋት ከባሕሩ የሚነሳው ጭጋግ መስኮታችንን ሲሸፍነው፣ አባቴ ሥራ እንደሄደ እኔ ወንበሩ ላይ ወጥቼ እነዳ ነበር። ብዙም ሳልቆይ ባቡሩን ጣቢያ አስገብቼ በሩን ከፈትኩት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ኮምፒዩተሩን ዘጋሁት። ሐዲድ ረግጬ የማላውቅ እኔ የቻልኩትን አባቴ እንዴት ያቅተዋል? ትምህርት ቤት «አባቴ ባቡር ነጂ ነበር» እያልኩ ስኮራ የነበርኩት ልጅ፣ ይኼ ውሸት ከሆነ ሌላው የነገረኝ ሁሉ ምን ሊሆን ነው እያልኩ መንቆራጠጥ ጀመርኩ። ሲስመኝ እንኳ ፊቱን አጠና ነበር።

መከር ሲሆን ደረቁ ነፋስ የዘንባባውን ቅጠል መንገድ ላይ በሚያራግፍበት ሰሞን፣ ጋሽ ከድር የሚባል የድሬዳዋ ጓደኛው ከጎረቤት ከተማ ከጋርዴና ሊጠይቀን መጣ። ከአባቴ ጋር አንድ ባቡር ላይ ሠርተዋል። አባቴ ጌሙን ሊያሳየው ተቀመጠ፣ እንደ ልማዱ የመሳፈሪያው ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ጋሽ ከድርም ሳቁን ለቀቀው።

«አቦ ታዴ! ዛሬም ጭራው ላይ ነህ እንዴ? የመጨረሻው ፉርጎ ፍሬን ያዥ ሳለህ እኮ ነው አንተ ጫፉ ላይ የምትቆመው፣ ያኔ ባቡሩ ሁሉ ከፊትህ ገብቷል። አሁን ከፊት ነህ፣ ንዳው እንጂ!»

ጋሽ ከድር የተናገረው ነገር ሲገባው ሳቁን ዋጠ። እናቴ እጇን በፎጣ እያደረቀች ብቅ አለችና «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለች።

አባቴ ወንበሩን ወደ እኛ አዞረ።

«ነጂውን ልጆች ሁሉ ያውቁታል፣ እጃቸውን ያውለበልቡለታል። እኔ ስደርስ ሁሉም ሄዷል። ሳንጋባ በፊት አንዴ ነጂ ነኝ አልኩሽ፤ ከዚያ የምወርድበት ጠፋኝ።»

«እና እኔ ያገባሁት ባቡሩን ነው?» አለች እናቴ፣ ወደ ወጥ ቤቷም ተመለሰች። ለእሷ ነገሩ እዚያው አለቀ። እኔ ግን መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ። አባቴ ለሥልጠናው ሳያመለክት ቀረ፣ ኮምፒዩተሩም ብዙ ሳይቆይ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ዛሬ ጌሞቹ ተሻሽለው የሚንቀጠቀጥ ወንበር ሳይቀር ይሸጥላቸዋል አሉ። እኔም የመኪና አደጋ ደረሰብን የሚሉ ሰዎችን ቃል የማጣራ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ሆኜ፣ በጥርጣሬዬ እንጀራ እበላለሁ። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጣ ሳልጠይቀው ስለዚያ መጨረሻ ፉርጎ ያወራኛል፤ ስለ አቧራው፣ ሐዲዱን ስለሚያቋርጡት ግመሎች፣ ከኋላ ሆኖ ስለሚያየው የሚርቅ አገር። እኔ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ፣ ሳላስበው ያለፈው ቅዳሜ ከነገረኝ ጋር እያስተያየሁ አዳምጠዋለሁ። ያኔ የምፈራው አባቴ እንዳይዋሸኝ ነበር፤ ዛሬ የምፈራው እውነቱን እየነገረኝ እንዳላምነው ነው።