የካፕስቲኮች ሙሉ ልቦና

የስኬልቢ ከተማ ነዋሪዎች ሆይ፣ በድንጋይ ቤት ያላችሁም በጡብ ቤት ያላችሁም፣ አድምጡ። ክሊፎርድ ካፕስቲክ፣ የኤዝራ ልጅ፣ የአውቶቡስ ቲኬት ተቆጣጣሪ፣ ያለ ቲኬት የተሳፈረውን ከወንበር ሥር ጎትቶ ያወጣ፣ በልጅ ዋጋ ሊሄድ የሞከረውን ጎረምሳ በጺሙ የለየ፣ ጡረታ ወጥቶ በሕያዋን ላይ የነበረው ሥልጣን ስላበቃ፣ ከእንግዲህ ፊቱን ወደ ሙታን አዙሯል። ከቅድመ አያቶቹ መካከል የተደበቀ ካለ ይውጣ። ቲኬቱንም በእጁ ይያዝ።

አዋጁን ያወጣሁለት እኔ ጎረቤቱ ሴትዮ ነኝ። እሱ ምንም አላወጀም። ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ብቻ እርሳሶቹን አሹሎ፣ ቺዝና የኮምጣጤ ሽንኩርት ያለበትን ዳቦውን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ወደ አውራጃው መዝገብ ቤት የሚሄደውን አውቶቡስ ይሳፈራል። ቲኬቱን ማንም ሳይጠይቀው ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ነገሩ ለእኛ ከተማ አዲስ አይደለም። በእኛ አገር ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይ ጽጌረዳ ይተክላል፣ ወይ አያቶቹን ይቆፍራል። ሁለቱም ፍግ አያጡም። ቆፋሪ ሁሉ መስፍን ፍለጋ ነው የሚወጣው። በመስፍኑ ፈንታ በግ ሌባ ቢያገኝ «ጊዜው ክፉ ነበር» ይላል። የጎረቤቱ ቅድመ አያት በግ ሌባ ሆኖ ከተገኘ ግን «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል።

ክሊፎርድንም ከነዚሁ ቆጥሬው ነበር። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ፣

«እና፣ ቤተ መንግሥቱ ተገኘ? ቁልፉን ሰጡህ?» አልኩት።

«ቤተ መንግሥት ምን ያደርግልኛል።»

«ታዲያ እነዚያን ሬሳዎች ለምን ትቀሰቅሳለህ?»

የሽንኩርት ቅጠል ይቆርጥ የነበረበትን ቢላ አስቀመጠ። «መጨረሻቸው ላይ ያስታውሱ እንደ ነበር ማወቅ ፈልጌ ነው» አለኝ።

ያን ጊዜ ቀልዴን ተውኩ። ምክንያቱም አባቱን ኤዝራን አውቀዋለሁ። ኤዝራ ግንበኛ ነበር። የከተማውን ግማሽ አጥር የሠራ እሱ ነው፣ መጨረሻው ላይ ግን የገዛ ቤቱን በር ማግኘት አቃተው። ቅቤውን ጫማው ውስጥ ይደብቅ ነበር። ክሊፎርድ ከሥራ ሲመለስ ከሰል አመላላሹ እየመሰለው «ጆንያውን ጓሮ ጣልና እግርህን ጥረግ» ይለዋል። ክሊፎርድም እግሩን ይጠርግና በጓሮ በር ይወጣል፣ ቤቱን ዞሮ በፊት ለፊት በር ልጅ ሆኖ ይገባል። አንዳንዴ ይሠራለት ነበር። በኋላ በኋላ በየትኛውም በር ቢገባ ከሰል አመላላሽ ሆኖ ቀረ።

ከቀብር መልስ የአሳማ ሥጋ በሚበላበት ሰዓት፣ አንዲት የሩቅ ዘመድ ጉርሻዋን ሳትውጥ «የኤዝራ አባትም እንዲሁ ነበሩ ይባላል» አለች፣ ሰናፍጭም እንዲያቀብሏት ጠየቀች። ሰናፍጩ ተላለፈ። ፍርሃቱ ግን ክሊፎርድ ላይ ቀረ። ሐኪም ዘንድ ሄዶ ነበር። ሐኪሙ «በእግርዎ ይሂዱ፣ አያስቡ» አለው። ማሰብ እንዳይተወው ለሚፈራ ሰው አታስብ ብሎ ማዘዝ የሐኪም ጥበብ ነው።

ሐኪሙ ያልነገረውን ሙታኑ ነገሩት። በአሮጌ ኑዛዜ ሁሉ መግቢያ ላይ የተናዛዡ ጤና ተጽፎ አገኘ። የመጀመሪያውን ኑዛዜ ባገኘበት ማክሰኞ ከአውቶቡስ ወርዶ ቤቱ ሳይገባ ወደ እኔ መጣ፣ ኮቱን ሳያወልቅ አነበበልኝ፦

«እኔ አምብሮስ ካፕስቲክ፣ በሥጋዬ ታምሜ፣ በልቦናዬ ግን ጤነኛ ሆኜ፣ ማስታወሴም ሙሉ ሆኖ፣ ምስጋና ለአምላክ ይግባውና፣ የመጨረሻ ኑዛዜዬ ይህ ነው። የናስ ድስቴን…»

እዚህ ላይ አቆመ።

«ድስቱን ለማን ሰጠው?» አልኩት።

«ምን አውቄ። እሱን አልገለበጥኩም።»

ከዚያ ወዲህ በጉን፣ ላሟን፣ የላባ ፍራሹን ማን እንደ ወረሰ አንድም ቀን ግድ ብሎት አያውቅም። የሚገለብጠው ያችን አንድ አረፍተ ነገር ነበር። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰፊ ወረቀት ለጠፈና የትውልዱን ዛፍ ሣለበት። ኑዛዜ ካገኘለት ሰው ስም አጠገብ በቀይ እርሳስ «ሙሉ» ብሎ ይጽፋል። አብራው የምትኖረው እህቱ ዊኒ፣ ባል ያላገባች ምላሷም ያልዛለ ሴት፣ እንዲህ ትለኛለች፦

«ወጥ ቤቴን መቃብር አድርጎት አረፈ። ሬሳው ሁሉ ያስታውሳል። ሕያው ግን ማንቆርቆሪያውን ያለ ውሃ ይጥዳል።»

«አንዴ ነው የጣድኩት» ይላል ክሊፎርድ።

«አንዴ መሆኑን ማን ነገረህ?»

እሱ ይስቃል። እሷም ትስቃለች። ማንቆርቆሪያው ግን ቂጡ ጠቁሯል።

በአንዱ ማክሰኞ ጫማ ልገዛ አብሬው ሄድኩና መዝገብ ቤቱን አየሁት። ቀለም ክልክል ነው፣ ማሳል አሳፋሪ ነው፣ መጻሕፍቱ እንደ በሽተኛ ትራስ ላይ ተንተርሰዋል። ሹሟ ሚስ ራትክሊፍ ናት፣ ቀጭን፣ ትሁት፣ እድሜዋን ከሙታን ጋር የፈጀች። ክሊፎርድ ደረቱን ነፍቶ፣

«ሚስ ራትክሊፍ፣ እንግዲህ ከካፕስቲኮች ልቦናው የጎደለ እስካሁን አልተገኘም» አላት።

«እንዴት ነው እሱን ያወቁት?»

አረፍተ ነገሯን አሳያት። ሚስ ራትክሊፍ ፈገግ አለች፣ ክፋት አልነበረባትም።

«እሷማ ለሁሉም የምትጻፍ ናት ሚስተር ካፕስቲክ። ቄሱ ወይ ጸሐፊው አንዴ ይማራታል፣ ከዚያ ስሙን ብቻ እየለወጠ ይጽፋታል። ሰዉም ኑዛዜ ሲናዘዝ አብዛኛውን ጊዜ ሊሞት አልጋ ላይ ነው፣ ለዚህ ነው ሁሉም በሥጋው የታመመው።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም። ያለዚያ ወራሾቹ ነገ ፍርድ ቤት ይጓተታሉ።»

ክሊፎርድ እርሳሱን ሲያሽከረክር ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሺ፣ ልቦናው የጠፋውስ? ለሱ ምን ይጽፉለት ነበር?» አላት።

ሚስ ራትክሊፍ ወደኔ አየት አደረገች። መልሱን እንድቀማት የፈለገች መሰለኝ።

«ለሱ ምንም» አለች በመጨረሻ። «ልቦናው የጠፋ ሰው አይናዘዝም። እዚህ ክፍል ውስጥ አያገኙትም።»

ክሊፎርድ መደርደሪያዎቹን ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ዳቦውን ሳይፈታ እንደ ተጠቀለለ ኪሱ ከተተው። በመልስ ጉዞ አንድ ወጣት ተቆጣጣሪ ተሳፈረና ቲኬት ጠየቀ። ክሊፎርድ የኮቱን ኪስ በረበረ፣ የሱሪውን በረበረ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ቲኬቱ ግራ እጁ ውስጥ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በማንም ላይ ይደርሳል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላውን «ቲኬትህ በእጅህ ነው ሰውዬ» ሲል የኖረ ሰው መሆኑን ግን መርሳት አልቻልኩም።

ከዚያ ቀን በኋላ ክሊፎርድ ኑዛዜ የተዉትን ትቶ ያልተዉትን መፈለግ ጀመረ። አያቱ መንጋ ያለው ገበሬ ነበር፤ ያለ ኑዛዜ ሞቶ ንብረቱን ዳኛ ለልጁ ሰጠው። የአያቱ አጎትም እንደዚሁ። የቅድመ አያቶቹን ሚስቶችማ ተዋቸው፣ ባል ያላት ሴት በዚያ ዘመን የምትናዘዘው ንብረት አልነበራትም፣ ሕጉ ልቦናም የሰጣት አይመስለኝም። በግድግዳው ላይ ቀይ ያልነካው ስም በዛ። ክሊፎርድ ሻዩን ይዞ ፊቱ ይቆማል፣ ሻዩ እጁ ላይ ይቀዘቅዛል። ስንፍና ሊሆን ይችላል፣ ድንገተኛ ሞት ሊሆን ይችላል፣ ከጸሐፊ ጋር መጣላት ሊሆን ይችላል አልኩት። «ሊሆን ይችላል» አለኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

አንድ ሐሙስ ጓሮዬን ስኮተኩት በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ፊቱ በርቷል።

«ጎረቤት፣ አዲስ ሰው አገኘሁ። አምብሮስ ይባላል።»

ቀልዱ ገባኝ ብዬ ሳቅሁ። «ድስቱን ታዲያ ለማን ሰጠው?»

«የምን ድስት?»

ወረቀቱን ዘርግቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበልኝ። መኮትኮቻዬን ይዤ ቆሜ ሰማሁት። እንደ መጀመሪያው ቀን ልክ ድስቱ ላይ ሲደርስ አቆመ።

በማግስቱ ክሊፎርድ ጸጉሩን ሊስተካከል ሲወጣ ዊኒ በመስኮት ጠቀሰችኝ። ወጥ ቤት አስገባችኝና ጣቷን ግድግዳው ላይ ጫነች። አምብሮስ ካፕስቲክ እዚያ ነበር። ዝቅ ብሎ፣ የራሱ ወንድም ሆኖ፣ ደግሞ ነበር። ከመስኮቱ በኩል ባለው ቅርንጫፍ ላይ የራሱ አጎት ሆኖ ነበር። በያንዳንዱ አጠገብ በቀይ እርሳስ፣ በጥንቃቄ፦ ሙሉ።

«መጀመሪያ ዘመዶቹ ስም የሚደጋግሙ መሰለኝ» አለች ዊኒ። «አንቺ ከሱ ጋር ስታወሪ ምንም አላየሽም?»

«ምን ልይ?»

«አትዋሺኝ። ውሸት ሲያምርብሽ አላየሁም።»

«ነግረሽዋል?»

«ምን ብዬ? ከሰል አመላላሹ መጣ ልበለው?» ሳህኑን ማድረቅ ጀመረች። ሳህኑ ደረቅ ነበር።

እሑድ ከምሳ በኋላ ክሊፎርድ ራሱ መጥቶ ጠራኝ። ከረባት አስሯል። ሳይመሽበት ኑዛዜውን ጽፏል። ቤቱ ለዊኒ ነው። ቤቱ ግን ሰበብ ነበር። የሚፈልገው መግቢያዋን አረፍተ ነገርና ከሥሯ የሚፈርሙ ሁለት ምስክሮች ነው። ዊኒ ወራሽ ስለሆነች መመስከር አትችልም። ምስክሮቹ ሁለቱም ባንድ ላይ ተቀምጠው ሲፈርም ማየት አለባቸው። ቄሱ እመጣለሁ ብሎ ጉንፋን ያዘኝ ሲል ላከ። ቄስ ጉንፋን የሚይዘው ምን ጊዜ እንደሆነ እኛ ስኬልቢዎች እናውቃለን።

ክሊፎርድ ቆሞ አነበበ። «እኔ ክሊፎርድ ካፕስቲክ፣ በሥጋዬ ጤነኛ፣ በልቦናዬም ጤነኛ ሆኜ፣ ማስታወሴም ሙሉ ሆኖ…» እዚያ ላይ አቆመ። እንደ ማፈር እያለ ወደኔ ዞረ።

«ቃሏ የኔ አይደለችም። በቅርቡ ካገኘሁት ሰው ነው የወሰድኳት። አምብሮስ ይባላል።»

ዊኒ ጀርባዋን ሰጥታን ቧንቧውን ከፈተች። ማንም ውሃ አልፈለገም።

«ጎረቤት» አለኝ፣ ብዕሩን እያቀበለኝ፣ «አንቺ ከልጅነቴ ታውቂኛለሽ። ሙሉ ነኝ፣ አይደል?»

ዓይኑ ቲኬቱን ሲፈልግ የነበረው ዓይን ነው። ብፈርም እዋሻለሁ። ባልፈርም ምክንያቱን ይጠይቀኛል፣ ስነግረው ያውቃል፣ ምናልባት ነገ ይረሳውና ደግሜ እነግረዋለሁ።

ብዕሩ እጄ ላይ ነው። የኔ መስመር ባዶ ነው፣ ከሥሩ ያለው የሁለተኛው ምስክር መስመርም ባዶ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ከአዋጁ ጀምሮ ከኛ ጋር ነበርክ። አምብሮስን ስንቴ እንደ ሰማህ አንተም ታውቃለህ፣ ማንቆርቆሪያው ላይም ስቀሃል። ከዚህ ቤት የምትወርሰው አንድ ማንኪያ የለም፣ ሕጉም የሚፈልገው እንዳንተ ያለውን ምስክር ነው። እንግዲህ ያን ወንበር ሳብና ተቀመጥ፣ ክሊፎርድን ዓይን ዓይኑን እያየህ መልስለት፤ አንተ ከፈረምክ እኔም…