የቦኖው ቁልፍና ባለቋጠሮው ክር

በደርግ ጊዜ ነው። አራዳ ሰፈራችን የውኃ ቦኖ ተተከለልንና ቁልፉን የምትይዝ ሴት በቀበሌ ስብሰባ ትመረጥ ተባለ። እኔ ቁልፉ የኔ ነው ብዬ ነጠላዬን አጥቤ፣ ሹሩባ ተሠርቼ ፊት ተቀመጥኩ። ምን ያደርጋል! እጁ ሁሉ ለጎረቤቴ ወጣ። ድምፅዋ እንኳ የማይሰማ፣ ጥግ ይዛ ለተቀመጠችው! ለኔ ያወጣሁት እኔው ነኝ። ባሌ ራሱ ለእሷ አወጣ።

«ምነው አንተ?» ብዬ ብጠይቀው፣

«አንቺ ወሬ ስታወሪ ሰው በጥም ይለቅ?» አለኝ። ሳምንት ሙሉ ወጡን ያለ ጨው አበላሁት።

እሷ ቁልፉን ከመስቀሏ ጋር በማተቧ አስራ ስታልፍ ፊቴን አዞርባታለሁ። ገና ሲነጋጋ ቦኖውን ከፍታ፣ ሰልፉ ሳይጀመር እንስራ እየሞላች ትመላለሳለች። «ይኸው ለራሷ ስትቀዳ!» ብዬ አማኋት። ሰምታለች፤ እንስራዋን ማመላለሷን ግን አልተወችም።

አንድ ቀን ማክሰኝት ከተማ ያሉት እናቷ ታመሙባትና ደጄ መጣች። ቁልፉን ሰጠችኝ። ልቤ ዘለለ! ቀጥላ ቋጠሮ በቋጠሮ የሆነ ክር አወጣች።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? መተት ነው?»

ሳቀች። «ፊደል የለኝ እቴ፣ በምን ልያዘው? አንዷ ቋጠሮ አንድ ቤት ናት። አራስ፣ በሽተኛ፣ ቀጂ የሌለው። ሰልፉ ሳይጀመር አድርሺላቸው። እኔ አራስ ሆኜ ውኃ የሚያቀብለኝ አጥቼ፣ የልጄን ጨርቅ ሳላጥብ ሰንብቻለሁ።»

ቤቶቹን አንድ በአንድ ነገረችኝና ሄደች። ለካ ያማኋት ውኃ የሰው ኖሯል። አፈርኩ፤ ቅናቱ ግን አለቀቀኝም።

በማግስቱ እንስራ አዝዬ ዞርኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ተመርቄ የምመለስ መስሎኝ ነበር፤ በሩ ሁሉ ሲከፈት ግን ጥያቄው «እሷስ? ደኅና ናት? መቼ ትመጣለች?»

«እኔም እኮ ሰው ነኝ!» አልኳት አንዷን አራስ። ገንፎ አጉርሳ ዝም አሰኘችኝ።

ስመለስ ከቤተክርስቲያኑ አጥር ሥር ካለች ጎጆ ሳል ሰማሁ። ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ናቸው፤ ክሩ ላይ የሉም።

«አያ፣ ውኃ ማን ያመጣልዎታል?»

«ዝናብ» አሉኝ። ወሩ ደግሞ መጋቢት ነው።

ሞላሁላቸው። ቤቴ ገብቼም ክሩ ላይ አንዲት ወፍራም ቋጠሮ ቋጠርኩ።

ጎረቤቴ ስትመለስ ቁልፉን ልሰጣት ጣቴ አልለቅም አለ። እንደምንም ሰጠኋት። ክሩን በጣቷ ስትዳስስ ወፍራሟ ቋጠሮ ላይ ደረሰች።

«ይቺ የማን ናት?»

«የኔ!» አልኩና ነገርኳት።

«በዚያ አጥር ስንቴ አልፌያለሁ» አለች፤ ፊቷ ጭፍግግ አለ። ወይ ደስታዬ! ቀናችብኝ!

ቁልፉ የሷው ሆኖ ቀረ፤ ሸጋ አድርጋም ይዛዋለች። አያን ግን አልሰጠኋትም። እስኪያርፉ ድረስ ውኃቸውን ያደረስኩ እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት ልትቀድመኝ ብትነሣ፣ መንገድ ላይ እንስራዋን ቀምቼ አዘልኩት።