አያቴ ለእግዜር የማይሸፋፍኑት ነገር

አያቴ ሲጸልዩ አይሸፋፍኑም ነበር። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሩዛችንን በወሰደበት ክረምት፣ ደጃፉ ላይ ቆመው «ጌታዬ፣ ሩዙ አልቋል፤ እኔም አዝኜብሃለሁ» ሲሉ ሰምቼ ደነገጥሁ።

«አባባ፣ ኧረ ተመስገን ይበሉ!»

«እላለሁ። መጀመሪያ ያለውን ልንገረው እንጂ! ልዋሸው ነው የቆምሁት?»

ዘንድሮ መታመማቸውን ሰምቼ ካለሁበት ሩቅ አገር ስደውል፣ ወረታ ያሉት ዘመዶቼ «ድነዋል፣ አጨዳ ወርደዋል» አሉኝ። እኔ «ጌታዬ፣ ስላዳንኻቸው ተመስገን» እያልሁ ሳምንት ሙሉ ስሰግድ፣ ለካ እሳቸው ተቀብረዋል። የዋሹኝ እንዳልደነግጥ ብለው ነው አሉ። ከዚያ ቤት እውነቱን የሚነግረኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አሁንም እየደወሉ «አታልቅሺ፣ ተመስገን በይ» ይሉኛል። እኔ ግን ለጸሎት ስቆም፣ «ጌታዬ፣ ዘመዶቼን ተቀይሜያለሁ፤ ባንተም አዝኛለሁ» እላለሁ። ተመስገኑን ቆይቼ እደርስበታለሁ።