አላጥብም ያለችው ተማሪ

ባፈና ጅቡቲ የገባችው በ1918 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ዕድሜዋ ወደ ሃያ ይጠጋል። ከባቡሩ ስትወርድ የተቀበላት ሙቀት ድሬዳዋ ላደገ ሰው እንኳ የሚቻል አልነበረም። እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሻንጣዋንም ለተሸካሚ ሳትሰጥ፣ ከጎረቤት በለመደችው ሱማሌኛ መንገዱን እየጠየቀች በእግሯ ሄደች።

የመጣችው ለመማር ነው። ገና በልጅነቷ ድረዋት፣ ዱላ ሲመርራት ባሏን ጥላው የወጣች ሴት ናት። ባሏ ክንዷን የሰበራት ጊዜ ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለ፣ ፈረንጁ ሐኪም የሚለውን ለበሽተኛ የሚያስረዳ አስተርጓሚ አየችና «ይህን እኔም እችለዋለሁ» አለች። ታላቅ ወንድሟ ተክለወልድ ግን «ፈትና ፊደል ምን አገናኛቸው? ሌላ ባል ተፈልጎልሻል» አላት። ይህን በሰማች በሳምንቱ ባቡር ተሳፈረች።

ያረፈችው ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ የሐረር ነጋዴ ሚስት ከሆነችው ከዙለይካ ቤት ነው። ዙለይካና የባፈና እናት ድሬዳዋ ጎረቤታሞች ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ሁለቱ ተፋጠጡ። ባፈና የእስላም ሥጋ አትበላም፤ ዙለይካም የክርስቲያን ሥጋ ቤቷ አታስገባም።

«እንግዲህ ዓሣ እንብላ» አለች ዙለይካ። «ዓሣን ማንም ባርኮ አያርደው።»

ባፈና ዓሣ ቀምሳ አታውቅም። ሽታው አንገፈገፋት፤ አፍንጫዋን ይዛ ዋጠችው። ብዙም ሳይቆይ እሾሁን በምላሷ እየለየች የምትተፋ ባለሙያ ሆነች።

ትምህርት ቤቱ ግን እንደ ዓሣው አልተዋጠላትም። የፈረንጅ መነኮሳይያት የሚያስተምሩበት ነው። ጥርሳቸውን ከሚነቅሉ ሕፃናት ጋር ከኋላ ወንበር አስቀመጧት። ጉልበቷ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ስለሚል በጎን ትቀመጣለች፤ ልጆቹም ዞር እያሉ ይስቁባታል። እሱን ቻለችው። ያልቻለችው ሌላ ነው። ንባብ የተጀመረ ዕለት አስተማሪዋ በምልክት ጠርታ አስወጣቻትና፣ ጓሮ ወስዳ ከልብስ ክምር ፊት አቆመቻት። ባፈና የአንድ ቀን ነገር ነው ብላ አጠበች። በማግስቱም ጠሯት። በሦስተኛውም።

ቤት ስትገባ ለዙለይካ የደረሰባትን ነግራ «እትዬ ዙለይካ፣ እነዚህን ሴቶች ምን ብዬ ነው የምጠራቸው?» አለች።

«ማ ሴር ነው የሚባሉት፤ ‹እህቴ› ማለት ነው።»

«መጠሪያቸው ራሱ ማሴር ነው? እንግዲያ ምን ደግ ነገር ልጠብቅ!»

ዙለይካ ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ኮስተር አለች። «ልብስ ለማጠብ ከሆነ የመጣሽው፣ እኔም ቤት ሞልቷል።»

«‹አላጥብም› በእነሱ አፍ እንዴት ይባላል?»

ዙለይካ ከባሏ ደንበኞች የለቃቀመችው ፈረንሳይኛ ነበራት። አስጠናቻት።

በማግስቱ አስተማሪዋ በእጇ ስትጠራት ባፈና ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም። «ኖን፣ ማ ሴር» አለች። «ዠ ኔ ላቭ ፓ።»

 መነኩሲቷ ፊቷ ቀልቶ ክንዷን ያዘችና ጎተተቻት። ያቺኑ ተሰብራ የዳነችውን ክንድ። ባፈና በሌላው እጇ አግዳሚ ወንበሩን ጨበጠች፤ ወንበሩም ከነተቀመጡበት ልጆች ተንሸራተተ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ያን ቀን ግን የሚስቁት በእሷ አልነበረም።

ጫጫታው እመምኔቷን አመጣ። ለማስተርጎም ፈረንሳይኛ የሚሰሙት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ የሸዋው ሰው አባ ገብረማርያም ተጠሩ።

«ካላጠብሽ ውጪ ነው የሚሉሽ።»

«ይንገሩልኝ። ማጠብ ካለ ሁሉም ተማሪ በተራ ይጠብ፣ እኔም በተራዬ አጥባለሁ። በንባብ ሰዓት ግን ከዚህ ወንበር የሚያስነሳኝ የለም።»

ሽማግሌው አመነቱ። «ልጄ፣ ትንሽ ለስለስ አድርጌ ልንገራቸው?»

«አያለስልሱት አባባ። እንዳለ ይንገሩልኝ።»

እንዳለ ነገሯቸው። እመምኔቷ ባፈናን እላይ እታች አየቻትና ወጣች። ባፈና በማግስቱ መጥታ ከወንበሯ ተቀመጠች። ለማጠብ የጠራት የለም።

ከገና በኋላ ደግሞ ተክለወልድ መጣ። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ዕቃሽን ያዢ፤ ሰውዬው እየጠበቀ ነው።»

«ወንድም ጋሼ፣ የፊተኛውንም የመረጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ። ክንዴን አይተኸዋል።»

«ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል። ሰው አልሰበረኝም፤ የሰበረኝ የመረጣችሁልኝ ነው።»

 ተክለወልድ ብቻውን ተመለሰ፤ ለብዙ ጊዜም ኩርፊያው አልበረደም። ባፈና በዚህ እያዘነች ብዙ ቀን አልቅሳለች። ዓይኗ አብጦም ቢሆን ግን ከትምህርቷ ቀርታ አታውቅም።

ከዓመታት በኋላ እዚያው ከተማ በአንድ ሐኪም ቤት አስተርጓሚ ሆና ገባች። አንድ ቀን ከወደቡ ተሸካሚዎች አንዱ፣ ሱማሌ ሽማግሌ፣ ጀርባውን ታሞ መጣ። ሐኪሙ ገና ሳይነካው «ስንፍና ነው የያዘህ በይው» አላት።

ባፈና እጇን አጣምራ ቆመች። «ይህን አልተረጉምም፤ መጀመሪያ ጀርባውን ይዩለት።»

ሐኪሙ አፈጠጠባት። እሷም አፈጠጠችበት። ሽማግሌው ነገሩ ስላልገባው አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ያያል። በመጨረሻ ሐኪሙ አጉረመረመና የሰውየውን ሸሚዝ ገለጠ።