ፈረጅ መኪና ወለል ላይ የተኛበት ቀን

ባሌ ፈረጅ ጎሚስታ ነበር። ጋምቤላ ውስጥ ጎማው የተነፈሰበት ሁሉ ባሮ ዳር፣ ማንጎው ሥር፣ እሱ ዘንድ ነበር የሚመጣው። የሞተ ሰው አይወቀስም ይላሉ። ይበሉ! ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው የኖርኩት እኔ ከይሪያ ነኝ፤ ብወቅሰውም ባለቅስለትም መብቴ ነው። ደግሞ ከእሱ አብልጬ የምወቅሰው ሌላ ሰው አለ፤ እደርስበታለሁ።

ከአጋሮ የመጣነው አብዮቱ ከመፈንዳቱ በፊት ነው። ያኔ ፈረጅ የነበረው አንድ የእጅ ፓምፕ፣ ሁለት ክሪክና አንድ መዶሻ ነው። ጎማ ለጥፎ፣ ቸርኬው ላይ መልሶ፣ ነፋስ ከሞላ በኋላ በመዶሻው መታ ያደርገውና ጆሮውን ይጥላል። እንደ ከበሮ ከጮኸለት "በል ሂድ፣ ጤነኛ ነው" ይላል። ካልጮኸ ግን ሾፌሩ ቢለምን፣ ፀሐዩ አናት ቢበሳ፣ አይለቀውም፤ እንደገና ይነፋል። ጎማን የተማረው ቡናና በቆሎ በሚጭኑ መኪኖች ላይ ነዋ! ጆንያ ደግሞ ወገቤን አይል፣ ራሴን አይል። በባለሙያነቱ የታወቀ ስለነበር "ተሳሳትክ" ያለው ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን፣ ምላሴ እንደምታዩት ሆኖ፣ በጎማ ነገር አልገባበትም ነበር።

ከወንዙ ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ አንዲት ላንድሮቨር ነበረችው። ሾፌሩ ኦጁሉ ይባላል፤ አኝዋክ ነው፣ ዝምተኛ፣ ሰው አክባሪ። በ1977 ክረምት መጨረሻ የዚያች መኪና ጎማዎች አለቁ፤ ጥርስ የሚባል ነገር አልቀረባቸውም። ጊዜው ጎማ በኮታ የሚመጣበት ነበር፤ ኮታው ደግሞ ጋምቤላ ሳይደርስ የሌላ ሰው መኪና ላይ ይገኛል። ፈረጅ ለዓመታት ጠቅልሎ ያስቀመጣቸው አራት አዳዲስ ጎማዎች ከነቸርኬያቸው ነበሩት። አወጣና በነጻ ሰጣቸው። ልቡ እንዲህ ነበር፣ ሐቁን ልናገር።

ችግሩ፣ ጎማዎቹ አጫጭር ነበሩ። የላንድሮቨሯ የድሮ ጎማ ትልቅ ነው፤ ጎኑ ብቻ አንድ ስንዝር ይሆናል። የፈረጅ ጎማዎች ግን ቁመታቸውም ያንሳል፣ ጎናቸውም አራት ጣት ቢሞላ ነው። ገጠማቸውና "ብዙ ሰው ነው የምትጭነው፣ መንገዱም እሾህ አለው" ብሎ እስኪጮሁ ድረስ ነፋቸው። ኦጁሉ አንድ ዙር ነድቶ ተመለሰ።

"ጋሽ ፈረጅ፣ መኪናዋ ትመታለች፣ ታንገጫግጫለች" አለው። "ጎማው አይተኛም። ትንሽ ነፋስ ብንቀንስ?"

"እኔን?" አለ ፈረጅ፣ መዶሻውን እንደያዘ። "አንተ ትላንት ከታንኳ ወርደህ ዛሬ ለኔ ጎማ ልታስተምረኝ ነው?"

ማንጎው ሥር የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ኦጁሉ የድሮዎቹን ጎማዎች እዚያው ትቶ መኪናዋን አስነስቶ ሄደ።

መስከረም ላይ ኛሙዎን የምትባል ኑዌር ጎረቤታችን ወለደች። ባሏ ጩዎል ወደብ ላይ ጭነት የሚያወርድ ሰው ነው። ሕፃኗ በሰላም ወጣች፤ የእናትየው ደም ግን አልቆም አለ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር በስንት ጭንቅ ያዝ አደረገላትና "መቱ ትወሰድ። እንዳትነቃነቅ ብቻ፤ ከተነቃነቀች ደሙ ይመለሳል" አለ። ላንድሮቨሯ ወለል ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት ተኛች፤ ጩዎል ከአጠገቧ ተቀመጠ። ኦጁሉ በእግሩ የሚሄድ ሰው ያህል ቀስ ብሎ ነዳ። ግን ድንጋይ በመጣ ቁጥር፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር፣ መኪናዋ ዘላ ትወርዳለች። ኛሙዎን መጀመሪያ አቃሰተች፤ ቆይታ "አውርዱኝ፣ በእግሬ ልሂድ" እያለች ለመነች። የቡሬን ዳገት ሲወጡ ፍራሹ ረጠበ። ጎሬ ሳይደርሱ ሞተች።

ፈረጅን ማንም አልከሰሰውም። መንገዱ ነው ተባለ። ኦጁሉ እንኳ ቀብር ላይ መጥቶ አጠገባችን ቆመ።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ተለየብኝ። ጎማ ሞልቶ መዶሻውን ያነሳል፤ እጁ አየር ላይ ይቀራል። ደንበኛው "ምነው?" ሲለው "አትሰማም እንዴ?" ይላል። "ምኑን?" "አውርዱኝ የምትለውን።" ሱብሃነላህ! በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በተሰበሰበበት! ቁርአን አስቀራሁለት። አልሆነም። ተቆጣሁት፣ ሰደብኩት፣ "ሐኪም ነህ እንዴ? አንተ እኮ ጎሚስታ ነህ!" አልኩት። "እሱን ነው የምልሽ፤ ጎሚስታ ነኝ" አለኝ። ጉርሻውን ጠቅልሎ ወደ አፉ ሳያደርስ ይረሳዋል። ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሷን የገደላት መንገዱ ነው ወይስ የእሱ ጎማ?

እኔን ያስፈራኝ ደግሞ ሌላ ነው። ጊዜውን አስታውሱ። የመንግሥት መኪና፣ የሞተች በሽተኛ፣ ልኩ ያልሆነ ጎማ። ቀበሌ ጆሮ ቢደርስ "አሻጥር" ይባላል። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ደግሞ የት ገባ ተብሎ አይጠየቅም። በአላህ ይዤሃለሁ፣ አፍህን ዝጋ አልኩት።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ኦጁሉ መድኃኒት ሊያመጣ ወደ ጎሬ ሊወጣ ሆነ። ፈረጅ ሄዶ ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቀው። ከዚያ "እሷ በተኛችበት ልተኛና ውሰደኝ" አለው። የድሮዎቹን ረጃጅም ጎማዎች ለጥፎ አዘጋጅቷቸው ስለነበር ፖርቶመጋላው ላይ ጫኗቸው። ሲሄዱ በአጫጭሮቹ፣ ሲመለሱ በረጃጅሞቹ ሊሆን ነው።

"ፈረጅ፣ አበድክ?" አልኩት።

"እንዳላብድ ነው" አለኝና ባዶው ወለል ላይ በጀርባው ተኛ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጩዎል ሕፃኗን ታቅፎ ቤቴ መጣ። ፈረጅ እንደሌለ ስነግረው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

"በባሮ ቁልቁል ወደ ማታር ልሄድ ነው" አለኝ። "እህቴ እዚያ አለች፤ ልጅቷን ታሳድግልኛለች። ታንኳው ነገ ፀሐይ ሲበርድ ነው የሚነሳው። እስከዚያ ወደብ ላይ ነኝ።" ሕፃኗን አስተካክሎ ታቀፋት። "እትዬ ከይሪያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔም መኪናው ውስጥ ነበርኩ። ያ መኪና ድሮ እንደዚያ አይመታም። ጎማው ነው?"

"ማን ነገረህ?" አልኩት።

"ማንም አልነገረኝም። እኔ ጠብ አልፈልግም። ጋሽ ፈረጅ በነጻ እንደሰጠ አውቃለሁ። በእኛ ዘንድ ግን ሰው ሳያስበው ሰው ካጠፋ ይናገራል። ከተናገረ አብረን እንቀመጣለን፣ ያልቃል። ካልተናገረ ነገሩ በሁለቱም ቤት ይኖራል። ይቺ ልጅ ነገ አድጋ እናቴን ምን ገደላት ትለኛለች። ምን ልበላት?"

ክፋት አልነበረበትም፤ ዓይኑን እያየሁት እንዴት ይጠፋኛል! ለእኔ ግን የታየኝ ፈረጅ ታስሮ ሲወሰድ ነው።

"መንገዱ ነው" አልኩት። "መንገዱ ነው ጩዎል፣ የአላህም ፈቃድ ነው። ጎማውማ አዲስ ነበር።"

ይህን ስል ሕፃኗ ጣቴን ይዛለች። ጩዎል ትኩር ብሎ አየኝ። "እሺ" አለና ተነስቶ ሄደ።

ፈረጅ በማግስቱ ከቀትር በኋላ ወገቡን ይዞ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። ውሃ ሰጠሁት፤ አልጠጣም።

"ቸርኬ ብረት ነው ከይሪያ፣ ብረት አይተኛም" አለኝ። "የሚተኛው የጎማው ጎን ነው። ጎኑ ረጅም ከሆነ፣ ነፋሱም ልኩን ከሆነ፣ ድንጋዩን ውጦ ያስቀረዋል። አጭርና ድርቅ ያለ ከሆነ ግን ድንጋዩን እንዳለ ለተኛው ሰው ወገብ ያቀብላል። ትልቁ ጎማ ረግጦት የሚያልፈውን ጉድጓድ ትንሹ ገብቶ ይወጣዋል። ስንሄድ እኔ፣ ምንም ያልሆንኩት ጤነኛ ሰው፣ 'አውርደኝ' ብዬ ኦጁሉ ላይ ጮህኩበት። እሷ ያለችውን አልኩ።"

"ስትመለሱስ?" አልኩት። ባልጠይቀው ምን ነበረበት!

"ስንመለስ እንቅልፍ ወሰደኝ።"

ይህን ብሎ አለቀሰ። ፈረጅ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሲወጣለት ፊቱን ጠረገና ጫማውን መልሶ አጠለቀ።

"ጩዎል ዘንድ እሄዳለሁ" አለ። "እኔ ነኝ እለዋለሁ። ከዚያ ያሻውን ያድርገኝ። የት ነው ያለው?"

ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ወደቡ ከደጃችን ይታያል፤ ታንኳው እዚያው እንደታሰረ ነው፣ ሰዎቹ ጭነት ይጭናሉ።

"ሄዷል" አልኩት። "ትላንት ማታር ወርዷል።"

ጫማውን አወለቀ።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረ። የላንድሮቨሯን ጎማ በየጠዋቱ ሄዶ በመዳፉ ጫን ጫን እያደረገ የሚያይ እሱ ሆነ፤ መዶሻውን ግን ሁለተኛ ጎማ ላይ አላነሳም። ማንጎው ሥር ኑዌር ደንበኛ በመጣ ቁጥር ሥራውን አቁሞ ስለ ጩዎል ይጠይቃል። ሁለት ጊዜ ራሱ ማታር ወረደ። መጀመሪያ "ሱዳን፣ ናስር ተሻግሯል" አሉት፤ ሁለተኛ ሲሄድ "ጦርነቱ ወስዶታል መሰለን፣ ልጅቷም የት እንዳለች አናውቅም" አሉት። አላመነም። በፊት የኛሙዎንን ድምፅ የሚሰማው እሱ ነበር፤ ያ ድምፅ ተወው፣ አልሃምዱሊላህ። እኔን ደግሞ ጀመረኝ። ልብስ ሳጥብ፣ ገበያ ውስጥ ስከራከር፣ ሰው ቤት ተቀምጬ ስስቅ፣ ጩዎል ከኋላዬ "እሺ" ይለኛል። ዞሬ አያለሁ። ማንም የለም።

ፈረጅን የወሰደው ወባ ነው፣ በ1982። በመጨረሻው ቀን ትኩሳቱ ትንሽ ለቀቅ አደረገውና እጄን ያዘኝ።

"ጩዎል ከመጣ" አለኝ፣ "አንቺ ንገሪው። ፈረጅ ሊነግርህ ፈልጎ ነበር በይው።"

መጥቶ ነበር ልለው አፌን ከፈትኩ። እያየኝ ነበር።

"እሺ" አልኩት።