ጥቁር ልብስና የመርከቡ እራት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ዶሪስ ጠመኔ፣ ሜትርና አንድ ቆርቆሮ ስፒል ሰጠችኝና ተንበርከኪ አለችኝ። አዲስ አበባ ስምንት ዓመት የሰፋሁ ባለሙያ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር የገባሁት። ቀኑን ሙሉ ወለል ላይ ሆኜ የፈረንጅ ሱሪ እግር ስለካ ዋልኩ። ቤቴ ገብቼ ጉልበቴን ቅባት ሳሽ ያ ሁሉ ኩራት የት እንደገባ እንጃ።

ሱቁ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ሶዶ በሚሉት ሰፈር፣ ከመጋዘኖቹ መሀል ነው። ልብስ እናስተካክላለን፣ የድግስ ልብስም እናከራያለን። በጋ ሲገባ ወደ አላስካ የሚሄዱት መርከቦች ከከተማችን ወደብ ስለሚነሡ፣ ዓርብ ዓርብ ተሳፋሪው ልብሱን ታቅፎ ይመጣል። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፤ እራት ላይ ምን ልልበስ? አንዱ ሽማግሌ ክራቫት ካላሰርኩ ባሕር ውስጥ ይጥሉኛል ወይ ብሎ አጥብቆ ጠይቆኛል።

ዶሪስ ያስተማረችኝን እነግራቸዋለሁ። በአዘቦቱ ምሽት ኮሌታ ያለው ሸሚዝና ንጹሕ ሱሪ ይበቃል። ፎርማል ናይት በሚሉት ምሽት ግን ወንዱ ሙሉ ልብስ፣ ሴቷ ረጅም ቀሚስ። የቀሚሱ ጠርዝ ከወለሉ ሁለት ጣት ከፍ ይበል፤ መርከቡ ሲወዛወዝ እንዳያደናቅፍ። ቀለም ለጨነቃት ደግሞ፣ ጥቁር ልበሺ፣ አትሳሳቺም እላለሁ። ዐሥር ዓመት እንዲህ ስል አንድም ሰው ቅር ብሎት አልተመለሰም።

አንድ ቀን ሄለን ከጎረቤት ከተማ፣ ከኤቨረት፣ ኮል አደረገችልኝ። እዚሁ ያደገች ልጅ ናት። እናቷን ወይዘሮ ብርቄን መርከብ ልታሳፍራቸው ነው፤ የእራት ልብሱ ግን ሰርፕራይዝ እንዲሆን ትፈልጋለች። ልካቸውን በስልክ ነገረችኝና፣ ሶ፣ ቀለሙን አንቺ ታውቂያለሽ ብላ ዘጋችው። እኔም አወቅኩት። ጥቁር ክሬፕ ጨርቅ ቆርጬ፣ እጅጌውን ዳንቴል አድርጌ፣ በሕይወቴ ከሰፋኋቸው ሁሉ አንደኛውን ሰፋሁ።

ሊሳፈሩ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ዓርብ ጠዋት፣ ሄለን እናቷን ይዛ መጣች። ወይዘሮ ብርቄ ከራስ እስከ እግር ጥቁር ለብሰዋል። ያኔ ነው ክው ያልኩት። ባለቤታቸው ከሞቱ ዓመት አልፏል። እኔው ራሴ ስካይዌይ ሰፈር ቤታቸው ድረስ ሄጄ ለቅሶ ደርሻለሁ! ሄለን ቀለሙን ታውቂያለሽ ያለችኝ፣ አበሻ ነሽ፣ ለቅሶውንም ደርሰሻል፣ ማለቷ ነበር።

ልብሱ ያለበትን ከረጢት ግን አንዴ ከፍቼዋለሁ። ወይዘሮ ብርቄ ዳንቴሉን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት።

«ስፌቱ ያምራል፤ እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ ይኼኛውን ደግሞ ማን ያስወልቀኛል?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሄለን ፊቷን አዙራ አለቀሰች። የመርከቡን ትኬት የቆረጠችው እናቷን ከዚያ ጥቁር ልታወጣ ነበር፤ ሙት ዓመቱ ካለፈም በኋላ እምቢ ብለዋታልና። ወይዘሮ ብርቄም፣ ግድ የለም፣ አንቺ እራትሽን ብዪ፣ እኔ ክፍሌ እቀመጣለሁ አሏት።

ለዶሪስ ጥፋቴን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ጥቁሩን በገዛ እጁ አያወልቅም፤ ዘመድ ነው የሚያስወልቀው፤ እኔ ሌላ ጥቁር ደረብኩባቸው አልኳት። አልተቆጣችኝም። ጓዳ ገብታ ከሚከራዩት ልብሶች አዲሱን፣ ሰማያዊውን አወጣችና፣ ቁረጪው አለችኝ። የተቆረጠ ልብስ ዳግመኛ አይከራይም፤ ከእኔ በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

መለኪያው ክፍል ስገባ ወይዘሮ ብርቄ እጃቸውን አውርደው ቆመዋል። አንድ ቁልፍ እንኳ አልፈቱም። ገባኝ። ሄለንን ጠራሁና፣ ከኋላ ያለውን ቁልፍ ፍቺላቸው አልኳት። ኦኬ ብላ አንድ በአንድ ፈታችላቸው። እኔ ሻሻቸውን አወለቅኩ። ዓመት ሙሉ የተሸፈነው ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል።

«እማዬ፣ ይበቃል» አለቻቸው ሄለን፣ በአማርኛ።

«እሺ» አሉ።

ሰማያዊውን አለበስናቸው። ዶሪስ ስፒሏን ይዛ ገባች። ጉልበቷን ያማታል፤ እኔን ከቀጠረች ጀምሮ ወለል ላይ ወርዳ አይቻት አላውቅም። ያን ቀን ተንበርክካ ጠርዙን በእጇ ለካች፤ ሁለት ጣት። እኔ ጎንና ትከሻውን አጠበብኩ፣ ካውያ መታሁት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለብሰውት ወጡ። ጥቁሩን በላስቲክ ልጠቀልልላቸው ስል፣ ተይው፣ አልፈልገውም አሉኝ።

እራቱ ላይ የተነሡት ፎቶ ከስፌት መኪናዬ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ዶሪስ ጡረታ ስትወጣ ሱቁን ለእኔ ትታልኛለች። እሷንም ወይዘሮ ብርቄንም ሳመሰግን እኖራለሁ፤ እሷ ጥፋቴን ሸፈነችልኝ፣ እሳቸው ሳይቆጡ አሳዩኝ።

ሙያውን ለምትጀምሩ የምለው ይህን ነው። ለእናቱ ልብስ በስልክ የሚያዝ ሰው ሲገጥማችሁ፣ እናትህን አምጣቸው በሉት። ጨርቁ ከዚያ በኋላ ይቆረጣል።