ወልቂጤ ላይ ያሳጠርኳት አንቴና

ሰው የሚሰደደው በሌሊት፣ ተደብቆ፣ እናቱን እያስለቀሰ ነው። እኔ ከቡታጅራ የተሰደድኩት በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳዬን በልቼ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነው። የደረስኩበት ባዕድ አገር ደግሞ ወልቂጤ ነው። ሳቁ! በመጀመሪያው ሳምንት እኔም ስቄአለሁ፤ በሁለተኛው ግን የአገሬ የመስቃን በርበሬ አማረኝና ሳቁ ቀረ። እዚህ በርበሬ ብለው የሚያቀርቡልኝ ቀለም ነው፣ አያቃጥልም። ቋንቋውስ ብትሉ፣ እኔም ጉራጌ እነሱም ጉራጌ፣ ለመግባባት ግን አማርኛ ነው የምናወራው።

ለምን ሄድክ ለምትሉኝ፣ በአባቴ ምክንያት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝም መበየጃውን ከእጄ ይነጥቀኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ጎበዝ» ብሎኝ አያውቅም። ስሄድ የመረቀኝም «ጌታ ይከተልህ፤ ብቻህን አንድ ነገር ከጠገንክ ደውልልኝ» ብሎ ነው። የፌዝ ምርቃት! የወጣሁት ያንን ስልክ ለመደወል ነው።

መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ሄድኩ።

«መሸኛ አምጣ» አለኝ ሠራተኛው።

«የመጣሁት እኮ ከቡታጅራ ነው።»

«ከጨረቃም ብትመጣ መሸኛ ያስፈልጋል።»

ቤት ያከራዩኝ ጋሽ አዳነ ደግሞ የንብረት ክፍል ጡረተኛ ናቸው። ቁልፉን ሲሰጡኝ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሚስማሮች ሳይቀር ቆጥረው አስፈርመውኛል። ልጃቸው ከዱባይ የላከችላቸው በሪሞት የምትበር የፎም አውሮፕላን ነበረቻቸው። የሪሞቱን ትእዛዝ የምትቀበለው ሆዷ ውስጥ ያለችው ሪሲቨር ናት፤ የእሷን አንቴና ጫፍ አይጥ በላባቸው።

«ካበረርክልኝ የመንገድ ዳሩን ክፍል ለወርክሾፕ እሰጥሃለሁ» አሉኝ። «ካልሆነ ለፀጉር ቤት ነው።»

ምን ገዶኝ! አንቴና ሲያጥር ሽቦ መጨመር የአባቴ ሃይማኖት ነው። ቡታጅራ ውስጥ ከሬዲዮ ተነስቶ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሽቦ ካያችሁ የእሱ እጅ ነው። ሁለት ሜትር በየድኩባት። ግቢ ውስጥ ስንሞክራት ክንፏም ጭራዋም ታዘዘ። ሜዳ ወሰድናት፣ ተነሳች፣ ትንሽ ራቅ እንዳለች ሪሞቱን አልሰማም ብላ የሰው እንሰት ውስጥ ተደፋች። ቅጠሉ ነው ያዳናት።

«ተሰበረች?» አሉ ጋሽ አዳነ።

«ተርፋለች።»

«አንተን ግን እንጃ።»

አፈርኩ። ሳልወድ በግዴ ከሳጥኗ ውስጥ የታጠፈውን መመሪያ አወጣሁ፤ በአባቴ ቤት ወረቀት የሚያይ ጠጋኝ ሰነፍ ነው። ሥዕሉ ግልጽ ነው። ሞገዱን የሚይዘው ሽፋን የሌለው የመጨረሻው ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የቀረው ማሻገሪያ ነው። ልኩን ካለፈ ይደነቁራል። ሁለት ሜትሬን ነቀልኩ። አይጧ ካስተረፈችው ሽቦ ጫፍ ላይ ሽፋኑን በምላጭ ልጬ፣ ውስጡን ሳልነካ፣ በማስመሪያ ለክቼ ሦስት ሴንቲ አወጣሁ። በማግስቱ በረረች! ሜዳውን ሁለቴ ዞራ ጋሽ አዳነ እግር ሥር አረፈች። ደስታዬን ምን ልበላችሁ፣ ወንድ ልጅ ሆኜ ብቻዬን እልል አልኩ።

እሳቸው ግን ሆዷን ከፍተው አዩ።

«ሽቦው የታለ? ትናንት ሁለት ሜትር ነበረ፣ ዛሬ ጣት አያህልም!»

«ጋሼ፣ የራሴ ሽቦ ነው። የጣላትም እሱ ነው።»

«አንዴ ከተገጠመ የአውሮፕላኗ ንብረት ነው። አስረክብ።»

አስረከብኩ። ፈረሙልኝ። ክፍሉንም ሰጡኝ።

ያን ቀን ለአባቴ ደወልኩ።

«አባዬ፣ በሪሞት የምትበር አውሮፕላን ጠገንኩ። ብቻዬን!»

«ምኗን?»

«አንቴናዋን።»

«ስንት ጨመርክበት?»

ቆርጬ ነው፣ ልለው አፌን ከፈትኩ። ከወዲያ የሱቃችን ሬዲዮ ሲንጫጫ ይሰማኛል። ዕድሜውን በሙሉ ሽቦ ሲጨምር የኖረ ሰው ነው፤ ናፍቆኝም ነበር።

«ሁለት ሜትር» አልኩት።

«አየህ!» አለ። «ጎበዝ ልጄ!»

ሠላሳ ዓመት ስጠብቃት የኖርኳትን ቃል ያገኘው አውሮፕላኗን የጣላት ሽቦ ነው።